ቤት ሻጭ ደላላ አለው፤ ገዢስ ማን አለው?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ገበያ “አይግዙ” ብሎ የሚከፈለው ሰው ያስፈልጋል

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ቤት ፈላጊ ገና ከታክሲ ሲወርድ የሚቀበለው ደላላ ነው። ደላላው ሻጩን ያውቃል፤ ሠፈሩን ያውቃል፤ ባለፈው ወር የትኛው ቤት በስንት እንደሄደም ያውቃል። ገዢውን ይዞ በየመንደሩ ይዞራል። ለሻጩ “ጥሩ ገዢ አምጥቼልሃለሁ” ሲል ለገዢው ደግሞ “ጥሩ ሻጭ አግኝቼልሃለሁ” ይላል። ውሉ ሲፈረም ከሁለቱም ወገን ኮሚሽኑን ይቀበላል። በዚህ ሁሉ መካከል ሳይጠየቅ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ ደላላው የማን ሰው ነው?

ጥያቄው ለሻጭ ያን ያህል አያስጨንቅም። ሻጭ የሚፈልገው ገንዘቡን ነው፤ ገንዘብ ደግሞ ተቆጥሮ ይታወቃል። ገዢ ግን የሚረከበው ወረቀትና ግድግዳ ነው። ወረቀቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን፣ ግድግዳው ያረፈበት መሬት የማን እንደሆነ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። ለዚህም ነው የቤት ገበያን የሚያውቁ ሰዎች ገዢ የራሱ ሰው ሊኖረው ይገባል የሚሉት።

ደላላ ያገናኛል፤ ወኪል ይወግናል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን የተረጐመው ራሱን ችሎ፣ ሥራዬ ብሎና ለጥቅም ሲል ሰዎችን ለውል የሚያገናኝ ሰው አድርጎ ነው። የትርጉሙ ክብደት “ማገናኘት” የሚለው ላይ ነው። ደላላ ሁለት ሰዎችን ያገናኛል፤ ከተስማሙ ይከፈለዋል፤ ካልተስማሙ ድካሙ በከንቱ ይቀራል።

በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ወኪል ሲናገር ቋንቋው ይለወጣል። በአንቀጽ 2208 መሠረት ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን ልቡና ሊኖረው ይገባል። አንቀጽ 2209 ደግሞ ወኪሉ የሚሠራው ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንደሆነና ወካዩ ሳያውቅ ከሥራው የተለየ ጥቅም ማግኘት እንደማይችል ይደነግጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ደላላ ሁለቱንም ወገን ማስደሰት ይችላል። ወኪል ግን የሚያገለግለው አንዱን ነው።

በገበያው ልማድ ደላላ ከሻጭ ሁለት፣ ከገዢ ሁለት ፐርሰንት ይጠይቃል። የአከፋፈሉን ውጤት ለማየት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ተጠየቀበት ቢባል ደላላው ከሁለቱ ወገን በድምሩ 240 ሺህ ብር ያገኛል። ገዢው ተከራክሮ ዋጋውን ወደ 5 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ቢያወርደው ገዢው ግማሽ ሚሊዮን ብር ያተርፋል፤ የደላላው ድርሻ ግን ከ240 ሺህ ወደ 220 ሺህ ይወርዳል። ደላላው ለገዢው በመከራከሩ 20 ሺህ ብር ከሰረ ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ደላላው በካርታው ላይ አንድ የሚያጠራጥር ነገር አይቶ “ይህን ቤት ተወው” ቢል የሚያጣው 240 ሺውን በሙሉ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ የደላላው ጠባይ ክፉ ወይም ደግ የመሆን ጉዳይ አይደለም። እጅግ ታማኝ የሆነው ደላላ እንኳ የሚከፈለው “ግዛ” በማለቱ እንጂ “አትግዛ” በማለቱ አይደለም። ገዢው ግን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በትክክለኛው ሰዓት “አትግዛ” የሚለው ሰው ነው።

ሻጩ “ለእኔ ይህን ያህል ይግባልኝ፤ ከዚያ በላይ ያመጣኸው ያንተ ነው” የሚልበት አሠራርም አለ። በዚህ ጊዜ ደላላው በስም አገናኝ ይባል እንጂ በተግባር ሻጭ ሆኗል ማለት ነው። ገዢው በዋጋ በተከራከረ ቁጥር የሚቀንሰው ከሻጩ ኪስ ሳይሆን ከደላላው ኪስ ነው። አንድ ቤት በአራትና በአምስት ደላላ እጅ አልፎ ሲመጣ ደግሞ ኮሚሽኑ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ ሁሉም ውሉ ቶሎ እንዲያልቅ ይቸኩላል። “ጌታዬ፣ ዛሬ ቀብድ ካላስያዙ ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል” የሚለው የተለመደ ንግግር የሚመነጨው ከዚሁ ችኮላ ነው። አበው ደግሞ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ።

ሦስት ከተሞች፣ ሦስት ዓይነት ጥያቄ

ሰበታ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ናት። የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ መገኛ ስትሆን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ አዲሱ የባቡር መስመርም የሚነሳው ከዚችው ከተማ ነው። ከአየር ጤና ተሻግሮ በወለቴና በዓለምገና በኩል እስከ ሰበታ የሚዘረጋው መንገድ ግራና ቀኙ ቤትና ፋብሪካ ሆኗል። እዚህ ቤት የሚገዛ ሰው በአጠገቡ ያለው ባዶ ቦታ ነገ ምን እንደሚሠራበት መጠየቅ ይኖርበታል። ለመኖሪያ የተመደበ ነው? ለኢንዱስትሪ? ለመንገድ? መልሱ የሚገኘው ከከተማው ፕላን እንጂ ከደላላው አፍ አይደለም።

ቡራዩ ከአስኮ ቀጥላ በመምጣቷ ከሦስቱ ይበልጥ ከአዲስ አበባ ጋር የተጣበቀችው እርሷ ናት። አሸዋ ሜዳና ከታ በአዲስ አበባ ሠራተኞች ዘንድ የታወቁ የመኖሪያ ሠፈሮች ናቸው። ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚያቀርቡት ግድቦች አንዱ የሆነው የገፈርሳ ግድብም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። መሬቱ ገደላማና ተዳፋት ይበዛበታል። ስለዚህ የቡራዩ ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ድጋፍ ግንብ፣ ስለ ጎርፍ መውረጃ፣ ከወንዝና ከግድቡ ክልል ስላለው ርቀት ነው። ቤቱ በበጋ ሲታይ ያማረ ይሆናል፤ መኪና የሚገባበት መንገድ በሐምሌ ይኖር እንደሆነ ግን በሐምሌ ሄዶ ያየ ወይም ጎረቤት የጠየቀ ብቻ ያውቀዋል።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ያለች ደጋ ናት። ሰፊው ሜዳዋ በድርቆሽና በከብት የታወቀ ነው፤ አትሌቶች ይሮጡበታል፤ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎችም ሠፍረውበታል። ሜዳው ግን በክረምት ውሃ ይቋጥራል። መሠረቱ ምን ያህል እንደተቆፈረ፣ ከሥሩ ምን ዓይነት አፈር እንዳለ፣ ግድግዳው ላይ የእርጥበት ምልክት መኖር አለመኖሩን የሚያይ መሐንዲስ ወይም የግንባታ ባለሙያ ይዞ መሄድ በሱሉልታ ቅንጦት አይደለም። አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ እርጥበትን ለጥቂት ወራት ይሸፍናል።

ሦስቱን ከተሞች አንድ የሚያደርጋቸው ደግሞ አስተዳደሩ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከለገጣፎ ለገዳዲ፣ ከገላንና ከሌሎችም አካባቢዎች ጋር ተጠቃልለው በኦሮሚያ ክልል ሥር ሸገር ከተማ በሚል ስም ተዋቀሩ። ለገዢ የዚህ ትርጉም ቀላል አይደለም። በቀድሞው የሰበታ ወይም የቡራዩ ማዘጋጃ ቤት ማኅተም የተሰጠ ካርታ ዛሬ ፋይሉ በየትኛው ክፍለ ከተማ እንዳለ፣ በአዲሱ መዝገብ ላይ ገብቶ እንደሆነ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ስፋትና በመዝገቡ ላይ ያለው ስፋት አንድ መሆኑን ማጣራት ግድ ይላል። መዝገቡም ሆነ ደብዳቤው የሚጻፈው በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማያነብ ገዢ የሚገዛውን ቤት ሰነድ የሚያነብለት ሰው ከሻጩ ወይም ከሻጩ ደላላ ከሆነ፣ ዓይኑን ለሌላ ሰው አበደረ ማለት ነው።

“ካርታ አለው” ሲባል

በገበያው “ካርታ አለው” የሚለው ቃል ሁሉንም ጥያቄ የሚዘጋ መልስ ተደርጎ ይወሰዳል። ነገር ግን ካርታ ከካርታ ይለያል።

አንደኛው ነባር ይዞታ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት እንዲሆን ደነገገ። ሻጩ ሲከፍል የኖረው የቦታ ኪራይና ገዢው የሚከፍለው የሊዝ ገንዘብ አንድ አይደሉም። ይህን ሒሳብ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ያላወቀ ገዢ የቤቱን ትክክለኛ ዋጋ አላወቀም።

ሁለተኛው የሊዝ ይዞታ ነው። እዚህ ላይ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ መኖሩን፣ ግንባታው በተሰጠው ጊዜ ተጀምሮ መጠናቀቁን ማየት ያስፈልጋል። ያው አዋጅ ግንባታ ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ የሚደረግን የሊዝ መብት ዝውውር በልዩ ሁኔታ አስሮታል፤ ዓላማውም ቦታን ይዞ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅን ለመከልከል ነበር። “መሠረቱ ወጥቷል፣ ዝውውሩ ችግር የለውም” የሚባልን ቦታ የገዢው ሰው በሜትርና በፎቶግራፍ ሊያረጋግጠው ይገባል።

ሦስተኛው የማኅበር ቦታ ነው። ካርታው በማኅበሩ ስም ይሁን በአባሉ ስም፣ አባሉ ድርሻውን ለመሸጥ ይችል እንደሆነ ከራሱ ከማኅበሩና ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ይጠየቃል።

አራተኛውና አደገኛው ከገበሬ የተገዛ መሬት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የገጠር መሬት ሕጎችም ለገበሬው የመጠቀም፣ የማከራየትና ለቤተሰቡ የማውረስ መብት ሰጡት እንጂ መሬቱን ለከተሜ እንዲሸጥ አልፈቀዱለትም። በመንደር ሽማግሌ ፊት በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ይህን አይለውጠውም። ሌሊት ተጀምሮ ሲነጋ ጣሪያ የሚለብሰው፣ ሕዝቡ “የጨረቃ ቤት” የሚለው ግንባታ የሚሸጠው በእንዲህ ያለ ወረቀት ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ግን ሻጩም ደላላውም የሚያውቁት ነው።

ይህ በወሬ ብቻ የሚፈራ ነገር አይደለም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የለገጣፎ ለገዳዲ አስተዳደር ሕገ ወጥ ናቸው ያላቸውን ቤቶች ማፍረስ ጀመረ። ከተፈናቀሉት መካከል ግብር እንከፍል ነበር፣ መብራትና ውሃም ገብቶልን ነበር ያሉ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተካሄደው ሰፊ የማፍረስ ዘመቻ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም በየበኩላቸው ጉዳዩን መርምረው ስለ ዜጎች መፈናቀል ሪፖርት አውጥተዋል። አፈጻጸሙ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር የራሱ ቦታ አለው። ለገዢ ግን ትምህርቱ አንድ ነው። የመብራት ቆጣሪ፣ የግብር ደረሰኝና የጎረቤት ምስክርነት የይዞታ ማረጋገጫን አይተኩም። ቤቱ ሲፈርስ ደላላው ኮሚሽኑን አይመልስም።

ከቀብድ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ገዢ የራሱን ሰው መፈለግ ያለበት ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ እንዲሉ፣ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ የሚመጣ ጠበቃ ሥራው ማስጠንቀቅ ሳይሆን መከራከር ይሆናል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ቀብድ ግልጽ ነው። በአንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ብዙ ገዢዎች የሚያውቁት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። የገዢው ሰው በቀብድ ደረሰኙ ላይ “ሰነዱ ተጣርቶ ዕዳ፣ እገዳ ወይም የይዞታ ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ በሙሉ ይመለሳል” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስገባ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ከጠቅላላ ክፍያው በላይ ሊያወጣ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሻጩ ማንነት ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የፌዴራሉም ሆነ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ባል ብቻውን ፈርሞ፣ ሚስት “አልሰማሁም” ስትል የሚነሳው ክርክር በየፍርድ ቤቱ የታወቀ ነው። ሻጩ ወራሽ ከሆነ ሌሎች ወራሾች አሉ ወይ? የሚሸጠው በውክልና ከሆነ ውክልናው ቤት ለመሸጥ በግልጽ የተሰጠ ነው ወይስ ጠቅላላ ውክልና? በአንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለማስተላለፍ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ወካዩ ሞቶ ከሆነም ውክልናው አብሮ ያበቃል፤ ወረቀቱ ግን ማኅተሙ እንዳማረ ይኖራል። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይኖራል ስንጥር የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ ዕዳና እገዳ ይመጣል። ቤቱ በባንክ ተይዟል? በፍርድ ቤት ታግዷል? የሚል ጥያቄ የሚመለሰው ይዞታውን ከመዘገበው ጽሕፈት ቤት በሚገኝ የጽሑፍ ማረጋገጫ ብቻ ነው። ማረጋገጫው ደግሞ ትኩስ መሆን አለበት፤ የዛሬ ስድስት ወር ንጹሕ የነበረ ፋይል ዛሬ እገዳ ሊኖርበት ይችላል።

የውሉ አፈጻጸምም የራሱ ሕግ አለው። በአንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በዚህ አንቀጽ ትርጉም ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ መወሰኑ፣ በመንደር ውል ገዝተው ችሎት የቆሙ ሰዎች ጥቂት አለመሆናቸውን ያመለክታል። ውልና ማስረጃ ቀርቦ መፈረምም የመጨረሻው ደረጃ አይደለም። ንብረቱ በገዢው ስም በይዞታ መዝገብ ላይ እስኪዛወር ድረስ ሽያጩ በሦስተኛ ወገኖች ላይ መቃወሚያ አይሆንም። አዋዋዩ ባለሥልጣንም የፈራሚዎችን ማንነትና ሰነድ ያያል እንጂ ሱሉልታ ድረስ ሄዶ መሬቱን አይለካም። ስለዚህ የክፍያው የመጨረሻ ክፍል ከስም ዝውውሩ ጋር እንዲታሰር ማድረግ የገዢው ሰው ሥራ ነው።

በመጨረሻም ታክስና ቀረጥ አለ። የዋጋ ዕድገት ጥቅም ግብሩን፣ የቴምብር ቀረጡንና የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል በውሉ ካልተጻፈ፣ ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ከሄደ በኋላ ወጪው ሁሉ በገዢው ላይ ይወድቃል። ታክስ ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ዋጋን አሳንሶ መጻፍም ለገዢ ጉዳት ነው። ከሕግ ተጠያቂነቱ ሌላ፣ ውሉ ቢፈርስ በፍርድ ቤት ሊጠይቅ የሚችለው የተጻፈውን ብቻ ሊሆን ይችላል።

የገዢው ሰው ማን ነው? ምን ይከፈለዋል?

በኢትዮጵያ የገዢ ወኪልነት ራሱን የቻለ፣ ቢሮና ሰሌዳ ያለው ሙያ ሆኖ ገና አልተለመደም። ይሁን እንጂ ሥራውን የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ሰነዱን ያያል። መሐንዲስ ወይም የንብረት ገማች ግንባታውንና ዋጋውን ይመረምራል። አካባቢውን የሚያውቅ ደላላም፣ በጽሑፍ የገዢ ወኪል ሆኖ ከተቀጠረ፣ ከሁሉም የተሻለ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ የትኛው መንደር በገበሬ መሬት ላይ እንደተሠራ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ዋናው ቁም ነገር ግን የሰውየው ማዕረግ ሳይሆን የክፍያው አደራረግ ነው። ክፍያው ከዋጋው በፐርሰንት ከታሰበ ቤቱ በተወደደ ቁጥር የወኪሉ ድርሻም ያድጋል፤ ችግሩ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ውሉ ሲፈረም ብቻ የሚከፈል ከሆነም ወኪሉ ዳግመኛ የሚቸኩል ሰው ይሆናል። የሚሻለው የተቆረጠ ገንዘብ ነው፤ ቤቱ ተገዛም ቀረም ሥራው ሲጠናቀቅ የሚከፈል። በውሉ ላይ ከሻጭ ወይም ከሻጭ ደላላ ምንም እንደማይቀበል፣ ከተቀበለም ለገዢው እንደሚያስረክብ ይጻፋል። ያየውን በጽሑፍና በፊርማው እንዲያስረክብም ይደረጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ወኪል የተደነገገው ግዴታ ጥርስ የሚያወጣው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲኖር ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ገዢዎች ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ብዙዎቹ ውክልና የሚሰጡት ለወንድም፣ ለእህት ወይም ለአብሮ አደግ ነው። ዘመድ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ካርታ ማንበብ ግን ታማኝነት ብቻ አያስተምርም። ዘመዱም ቤት የሚፈልገው በደላላ በኩል በመሆኑ፣ ሳያውቀው የደላላውን ቃል ወደ ባሕር ማዶ የሚያስተላልፍ መልእክተኛ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ገዢ የመፈረሙን ውክልና ለዘመድ፣ የማጣራቱን ሥራ ለባለሙያ ለይቶ ቢሰጥ ሁለቱም እርስ በርስ ይጠባበቃሉ።

ባሕር ማዶም ክርክሩ አላለቀም

የገዢ ወኪል በተለመደበት በአሜሪካ እንኳ ዋናው ጥያቄ “የሚከፍለው ማን ነው?” የሚል ሆኗል። በዚያ አገር ለረጅም ጊዜ በቆየው ልማድ የገዢው ወኪል ኮሚሽን የሚወጣው ከሻጩ በኩል ከሚከፈለው ገንዘብ ነበር። ቤት ሻጮች ይህ አሠራር ኮሚሽንን አስወድዷል ብለው ከሰሱ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ የተሰየመ የዳኞች ጉባኤ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ ፈረደ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የአገሪቱ ሪልተሮች ማኅበር 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና አሠራሩን ለመለወጥ ተስማማ። ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የማኅበሩን ደንብ የሚከተል ወኪል ለገዢ ቤት ከማሳየቱ በፊት ክፍያውን በግልጽ የያዘ የጽሑፍ ውል ከገዢው ጋር እንዲፈርም ተደረገ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የአሜሪካንን አሠራር እንዳለ መገልበጥ አይደለም። መቶ ዓመት በኖረ ሥርዓት ውስጥ እንኳ ወኪል መባል ብቻ እንዳልበቃ፣ የሚከፍለው ወገንና የሚያገለግለው ወገን በወረቀት መታወቅ እንዳለበት ነው።

ወጪው ያዋጣል?

አንዳንድ ገዢዎች “ቤት መግዣው ራሱ አልሞላልኝም፤ ለወኪል ከየት አመጣለሁ?” ይላሉ። ቅሬታው ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ገዢው አሁንም ቢሆን በነጻ አይደለም የሚገዛው፤ ለደላላው ሁለት ፐርሰንት ይከፍላል። በ6 ሚሊዮን ብር ቤት ላይ ይህ 120 ሺህ ብር ነው። ያን ገንዘብ ለሻጭ ወገን አገናኝ ከመክፈሉ በፊት የተወሰነውን ለራሱ ሰው ቢያውለው፣ ወይም ከደላላው ጋር ስለ ኮሚሽኑ አስቀድሞ ቢደራደር፣ ወጪው እንደሚፈራው ከባድ አይሆንም። ኮሚሽን በሕግ የተቆረጠ ዋጋ አይደለም፤ የልማድ ዋጋ ነው፤ ልማድ ደግሞ ለድርድር ይቀርባል።

ደላሎች በበኩላቸው የገዢ ወኪል ሥራ ያበላሻል፣ ገበያ ያቀዘቅዛል የሚል ሥጋት አላቸው። እውነት ነው፤ ጎዶሎ ሰነድ ያለው ቤት ሽያጭ ይዘገያል። ንጹሕ ሰነድ ያለው ቤት ግን የገዢው ሰው “ይሁን” ባለ ጊዜ ክርክር ሳይኖርበት በፍጥነት ያልቃል። በመንደር ውል ሸጦ ከሦስት ዓመት በኋላ ምስክር ሆኖ ችሎት የሚጠራ ደላላም የሚያተርፈው ነገር የለም። ሥራውን ለሁለት ከፍሎ፣ ዛሬ ለሻጭ ነገ ለገዢ፣ በአንድ ውል ላይ ግን ለአንዱ ብቻ የሚቆም ደላላ አዲስ ገበያ ያገኛል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትንና ግመታን የሚመለከት አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ መንግሥት ግብይቱን ከልማድ ወደ ሕግ ለማምጣት መፈለጉን ያሳያል። ሆኖም ሕግ በየገዢው በር አይቆምም። በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ነገ ጠዋት ቀብድ ለመክፈል የተዘጋጀ ሰው ዛሬ ማታ ራሱን አንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባል። በዚህ ውል ውስጥ ካሉት ሰዎች መካከል፣ ቤቱን ባልገዛው ምንም የማይጎድልበት ማን ነው? መልሱ “ማንም” ከሆነ፣ ቀብዱ አንድ ቀን ይቆይ።